በግሸን መንገድ ላይ የተነሡ ሕፃናት
(ስለ ክርስቲያናዊ ርኅራኄ በወሎ ታሪክ የተደረገ አጭር ጥናት)

መግቢያ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ፥ መርሳ ሳይደርስ፥ ውርጌሳ የምትባል ከተማ ያገኛል። ውርጌሳ በሐብሩ ወረዳ በትልቁ የሰሜን መንገድ ዳርና ዳር የተሠራች ትንሽ ከተማ ናት። ወደ አምባሰል በኩል ተራሮች ቆመው ይታያሉ፤ በስተምሥራቅ ያለው አገር ግን እየዘቀዘቀ ሄዶ ከአፋር ቆላ ጋራ ይገናኛል። ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኙበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ መንገዱ በጥጋብ ዘመን የንግድ፥ በረኀብ ዘመን የስደት መንገድ ነው።

የታሪክ መጻሕፍት ይህን አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በውጫሌ ስለ ተፈረመው ውል ነው። የዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ ያመጣውን ጦርነት የማያውቅ ተማሪ የለም። ውሉ የተፈረመበት ጊዜ ግን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ረኀብ የተጀመረበት ጊዜ መሆኑን፥ በዚያም ረኀብ ወላጅ አልባ ሆነው የቀሩት ሕፃናት ዕጣ ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሕፃናት ውል አይፈርሙም፤ ደብዳቤም አይጽፉም፤ ስለዚህ በታሪክ ጸሓፊ ዘንድ ይረሳሉ።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። በወሎ መንገድ ላይ እናት አባቱ የሞቱበትን ሕፃን ያነሣው ማን ነው? ያነሣበትስ ምክንያት ምንድን ነው? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን «ጸጋ» ማለት ላልተገባው ሰው በነጻ የሚሰጥ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ተብለን በቃላችን አጥንተናል። ቃሉ በፈተና ወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው። በረኀብ ዘመን፥ በአገር መንገድ ላይ፥ ምን ሥራ እንደ ሠራና ምን መሥራት እንዳልቻለ ለመመርመር ግን ወደ ታሪክ መሄድ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፥ የአውሮፓው በሚሆንበት ጊዜ እ. ኤ. አ. ተብሎ ተመልክቷል።

የቀድሞው ሥርዓት

አንዳንድ ሰዎች ወላጅ የሌለውን ሕፃን መንከባከብ ከውጭ አገር ሰዎች ጋራ የመጣ ሥራ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። በአገራችን የድኻ አደግ ልጅ የሚረዳበት ሥርዓት ጥንታዊ ነው፤ ይልቁንም ብዙ ክንድ ያለው ሥርዓት ነው።

መጀመሪያው ክንድ የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ናቸው። ወንድ በተወለደ በ40 ቀን፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ፥ የሚያነሣቸው ሰው በቤተ ክርስቲያን ፊት ኃላፊነት ይቀበላል። ሁለተኛው የጡት ልጅ የሚባለው ልማድ ነው። ልጅ የሚያደርገው ሰው ጣቱን ማር አስነክሮ ለልጁ ያጠባዋል፤ ከዚያ በኋላ አባትነቱ የሥጋ አባትነትን ያህል ይከበራል። በኦሮሞ ባህል ያለው ጉዲፈቻም እንዲሁ ልጁን ሙሉ ልጅ የሚያደርግ ነው፤ ቃሉም ከዚያው ተወስዶ የአማርኛ የሕግ ቃል ሆኗል። ሦስተኛው ክንድ ማኅበር፥ ሰንበቴና ተዝካር ናቸው። በእነዚህ ጊዜያት የሚበላው ለተጠራው ብቻ አይደለም፤ ከደጅ የቆመ ድኻም ድርሻ አለው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ምጽዋት የሚናገር ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው።

አራተኛው የቆሎ ተማሪ ነው። ከእናቱ ቤት ርቆ የሄደ ልጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል፤ ባለቤቲቱም የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳትጠይቅ ካላት ታካፍለዋለች። ሐይቅ እስጢፋኖስን ከመሰሉ ገዳማት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ብዙዎቹ ያደጉት በማያውቋቸው ሴቶች እንጀራ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተማሪው የሚለምነው በራሱ ስም አይደለም፤ ሰጪዋም የምትሰጠው የልጁን ብልኅነት ወይም ዘር አይታ አይደለም። በመካከላቸው ያለው የእመቤታችን ስም ነው። የጸጋ ትምህርት በአገራችን በመጀመሪያ የተማረው በመጽሐፍ ሳይሆን በዚህ ዐይነት በየቤቱ ደጃፍ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በወሎ ደግሞ እስላሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዛምዶ የሚኖር ስለ ሆነ፥ የክርስቲያኑ ዝክርና የእስላሙ ሰደቃ ጎን ለጎን ሲሠሩ ኖረዋል። አንድ ሕፃን አጎቱ ክርስቲያን፥ አክስቱ እስላም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያለ ወላጅ ቢቀር ሁለቱም ይፈልጉታል።

የዚህ ሥርዓት ኃይሉ ልጁን ተመጽዋች አድርጎ አለማስቀረቱ ነው፤ ዘመድ ያደርገዋል። ድካሙ ደግሞ ከዚያው ከኃይሉ የሚመጣ ነው። ሁሉም ነገር በጎረቤት ጎተራ ላይ የቆመ ነው። አንድ ቤት ሲፈርስ አሥር ቤት ይደግፈዋል፤ አሥሩም በአንድ ዓመት የፈረሱ እንደ ሆነ ግን የሚደግፍ የለም። በደኅና ቀን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ሕዝብ፥ በክፉ ቀን «ከራስ በላይ ነፋስ» እንዲል ይገደዳል።

ሥርዓቱ የተሸነፈባቸው ዘመናት

የመጀመሪያው ትልቅ ምስክር ክፉ ቀን ነው። ከ1880 ዓ. ም. ጀምሮ ከጣሊያኖች ጋራ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ የዘመኑ ታሪክ ይናገራል። የንጉሥ ዶማ የሚያስከብር ምልክት ነው፤ ነገር ግን የንጉሥ እጅ ዶማ እስከ መያዝ የደረሰበት አገር የጎረቤት ጎተራው ባዶ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ሁለተኛው በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. የደረሰው የወሎ ረኀብ ነው። በዚህ ጊዜ መንገዱ ራሱ ምስክር ሆነ። በወሎ በኩል በሚያልፈው በሰሜኑ አውራ መንገድ ላይ የተራቡ ሰዎች ተሰልፈው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ጀመር። በ1965 ዓ. ም. ማብቂያ ላይ በመጠለያዎቹ የተሰበሰቡት ወደ 60,000 ያህል ነበሩ። የሞቱትን አንዳንዶች 40,000፥ ሌሎች እስከ 200,000 ያደርሱታል። መንግሥት ግን ነገሩን ሸሸገው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ባሳዩ ጊዜ ብዙ ተማሪ የወገኑን ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አየ።

የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሆነው አማርትያ ሴን እ. ኤ. አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ በጥንቃቄ እንደ መረመረው፥ በዚያ ዓመት በአገሪቱ የነበረው የእህል መጠን እጅግ የወረደ አልነበረም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው ብዙ አልናረም። የተራበው ሰው የራበው እህል በአገር ስለ ጠፋ ሳይሆን፥ የሚገዛበት አቅም ከእጁ ስለ ወጣ ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የወጣ እህል ነበረ። ይህ ግኝት ለክርስቲያን ከባድ ነገር ነው። ድርቁን ከሰማይ የመጣ ነው ብንል እንኳ፥ በመንገድ ዳር የቀረው ሕፃን ግን በሰው አጥር ተከልሎ ከእህሉ የራቀ ነው ማለት ነው።

አንዲት ተሳላሚ

ከውርጌሳ መንገድ ባሻገር በአምባሰል ምድር ግሸን ደብረ ከርቤ አለች። አምባዋ በመስቀል ቅርጽ የተሠራች ናት። በቀድሞ ዘመን የነገሥታት ልጆች እንዳይሸፍቱ እየተባለ ከልጅነታቸው ጀምሮ ተዘግቶባቸው የሚኖሩባት እስር ቤት ነበረች። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን ካስቀመጡባት ወዲህ፥ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሳለማታል።

እ. ኤ. አ. በ1980 ከአዲስ አበባ ለመሳለም ከሄዱት መካከል ወይዘሮ አበበች ጎበና ነበሩ። ወይዘሮ አበበች በ1928 ዓ. ም. በሰላሌ ሸበል አቦ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው በጣሊያን ጦርነት የሞቱት እርሳቸው ገና የአንድ ወር ሕፃን ሳሉ ስለ ነበረ፥ ያደጉት በአያቶቻቸው እጅ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩ አምልጠው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ጥቂት ተማሩ፤ ቡናና እህል በሚያዘጋጅ ድርጅት ሥራ ያዙ። እንግዲህ ሕፃናትን ያነሡት ሴት ራሳቸው አባት ያላወቁ ልጅ ነበሩ።

ያን ጊዜ አገሩ በድርቅ ተጎድቶ ነበር። ወይዘሮ አበበች በመንገድ ዳር በተረፈረፈው ሕዝብ መካከል አንዲት ሕፃን የሞተች እናትዋን ጡት ስትጠባ አዩ። የነበራቸው ጥቂት ዳቦና ከግሸን ይዘውት የተነሡት ጸበል ብቻ ነበር፤ እርሱን አካፈሉ። ከዚያም ሕፃኒቱን አንሥተው ያዙ። ሌላም በሞት አፋፍ ላይ የነበረ አባት ልጁን እንዲያድኑለት ለመናቸው፤ ያንንም ልጅ ተቀበሉ። ሁለቱን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመቱ ሳያልቅ በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ደረሱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለታሪክ ተማሪ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስተምር ነው። ልጅ አንሥቶ መምጣት የአንድ ቀን ርኅራኄ ነው፤ ማሳደግ ግን የየቀኑ እንጀራ ነው። ዘመዶቻቸው አእምሮአቸው የተነካ መሰላቸው። በቤታቸው አለመግባባት ተነሣ፤ ከትዳራቸውም ተለይተው ልጆቹን ይዘው ወደ አንዲት ጎጆ ገቡ። ሥራቸውን ትተው፥ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆቹን መገቡ። ድርጅታቸው በመንግሥት ዘንድ የተመዘገበው እ. ኤ. አ. በ1986 ነው፤ ይኸውም ከግሸን መንገድ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። ከጊዜ በኋላ ማኅበሩ ትምህርት ቤት፥ የሙያ ማሠልጠኛና የእናቶች መርጃ ያለው ሆኖ፥ ከ12,000 በላይ ሕፃናት በእርሱ ተረድተዋል።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት እንመልከት። በዚያ ጊዜ ማኅተም የለም፤ በጀት የለም፤ ረድኤት ሰጪ የለም። ያለው የቀድሞው ሥርዓት ነው፤ የጡት ልጅ፥ የክርስትና እናት፥ በእንተ ስማ ለማርያም። ወይዘሮ አበበች አዲስ ትምህርት አላመጡም። አያቶቻችን ለአንድ ልጅ ያደርጉት የነበረውን ለ21 አደረጉት፤ የዘመድና የጎረቤት ድንበርንም ተሻገሩ። የሞተች እናት ጡት ላይ የተገኘችው ሕፃን የጡት ልጅ ሆነች።

ሚዛንና ምርጫ

ከአራት ዓመት በኋላ በ1977 ዓ. ም. የደረሰው ረኀብ ግን በአንዲት ሴት ጎጆ የሚቻል አልነበረም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ. ም. ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም የተነሣው የመሐመድ አሚን ፊልም በማይክል በርክ ድምፅ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ተናወጠ። በዚያ ረኀብ የሞቱት ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታሉ።

በመጠለያዎቹ ውስጥ አዲስ ነገር መጣ፤ ይኸውም ሚዛን ነው። የሕፃኑ ክብደት ከቁመቱ ጋራ እየተመዘነ፥ ለተጨማሪ ምግብ የሚገባውና የማይገባው ይለያል። በመቀሌ የቀይ መስቀል ነርስ የነበረችው ክሌር በርትሺንገር ምግቡ ለጥቂቶች ብቻ የሚበቃ ስለ ነበረ፥ ከብዙ መቶዎች መካከል የሚገቡትን ጥቂት ሕፃናት በእጅዋ መምረጥ ነበረባት። ያ ምርጫ ዕድሜዋን ሁሉ እንደ ከበዳት በኋላ በመጽሐፍ ገልጻለች።

በዚህ ላይ የጸጋ ትምህርትና የእርዳታ ሥራ ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። ጸጋ አይመርጥም ተብለን ተምረናል፤ መቶ ሕፃን ፊቱ ቆሞ የሃያ ምግብ የያዘ ሰው ግን ሳይመርጥ አይችልም። በጥንቃቄ ካየነው ነርሷ የመረጠችው ጨካኝ ስለ ነበረች አይደለም። ምርጫው የተደረገው ቀደም ብሎ፥ እህሉ ወዴት እንዲሄድ በተወሰነበት ስፍራ ነው። በ1977 ዓ. ም. መጀመሪያ የደርግ መንግሥት 10ኛውን የአብዮት በዓል በታላቅ ድግስ ሲያከብር የሰሜኑ ረኀብ በይፋ አልተነገረም። ነርሷ በሕፃናት ላይ ያደረገችው ምርጫ የሌሎችን ውሳኔ የሚከፍል ዕዳ ነበር።

አብያተ ክርስቲያናትም በዚህ ዘመን አንድ ነገር ተማሩ። የክርስቲያን ድርጅቶች የእርዳታ ኅብረት የተቋቋመው ቀደም ብሎ እ. ኤ. አ. በ1973 በወሎው ረኀብ ምክንያት ነው። በኋላም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፥ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት እህል በማከፋፈል በአንድነት ሠሩ። በትምህርተ ሃይማኖት ብዙ ዘመን ሲከራከሩ የኖሩ ወገኖች በአንድ የእህል ጆንያ ዙሪያ ተስማሙ። ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። እ. ኤ. አ. በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ረኀብ በሆነ ጊዜ፥ ቅዳሴው በእኛም ቤተ ክርስቲያን የሚቀደሰው ቅዱስ ባስልዮስ ባለ ጎተራዎችን ገሥጾ እህላቸውን አስከፈተ፤ ቀጥሎም ለድኾችና ለሕሙማን ትልቅ ቤት ሠራ። ስብከቱ ብቻ ቢቀር ኖሮ ሰሚዎቹ ሲሞቱ አብሮ ይሞት ነበር።

ሊነሣ ስለሚችለው ተቃውሞ

አንድ ባልንጀራዬ ይህን ጥናት በጀመርሁ ጊዜ፥ «ርኅራኄ የመንግሥትን ጥፋት መሸፈኛ ነው፤ ሕፃኑን ከማንሣት ይልቅ ያስራበውን መጠየቅ ይሻላል» ብሎኝ ነበር። ነገሩ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ታሪክም በከፊል ይደግፈዋል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ. ም. ማታ የጆናታን ዲምብልቢ የረኀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋራ እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ጥያቄው ተጠየቀ፤ መልስም ተሰጠበት።

ነገር ግን የዚያ ፊልም ሕፃናት ምን ሆኑ? ፊታቸው ዙፋን አወረደ፤ እነርሱን ግን ከመንገድ ያነሣቸው ፊልሙ አይደለም። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ ያንኑ ጥያቄ ጠይቆ ሥልጣን የያዘው መንግሥት ረኀቡን በራሱ ጊዜ ሸሸገው። እንግዲህ መጠየቅ ብቻውን አልበቃም። ማንሣትም ብቻውን እንደማይበቃ የመጠለያው ሚዛን አስረድቶናል። የእኔ አሳብ፥ ሁለቱ አንዱ በሌላው ፈንታ የሚቆሙ አይደሉም የሚል ነው። ሕፃኑን ያነሣ ሰው ስለ ሕፃኑ ለመጠየቅ የሚችል ምስክር ይሆናል፤ ያላነሣው ግን የሚጠይቀው በወሬ ነው።

መደምደሚያ

ወይዘሮ አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ. ም. በኮቪድ በሽታ ምክንያት በ85 ዓመታቸው በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ዐረፉ። ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ገባ፤ ቆቦ፥ ወልድያ፥ መርሳ፥ ውርጌሳም የጦርነቱ መንገድ ሆኑ። ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ ሸሸ፤ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለለ። በዚያ መንገድ ዳር ለእንግዳ ልጅ እንጀራ የቈረሰች ሴት እንዳልጠፋች አምናለሁ፤ ስምዋን ግን የሚጽፍ የለም።

ከዚህ ሁሉ የምደመድመው ይህን ነው። በወሎ ታሪክ ውስጥ ጸጋ መጀመሪያ የሠራው ቈጠራና ሚዛን ሳይመጡ፥ በደጃፍ ላይ በቆመ ልጅና በሰጠች ሴት መካከል ነው። ሁሉም ቤት አብሮ በተራበ ጊዜ ግን ደጃፉ ብቻውን አልቻለም። በጸና መሠረት የቆመው የርኅራኄ ሥራ፥ የደጃፉን ልብ ይዞ ጎተራ፥ ትምህርት ቤትና ማኅበር የሠራው ነው። ይህን መሥራት ደግሞ ስድስት ዓመት በጎጆ መኖርን ጠይቋል።

እኛ ተማሪዎች ከደሴ ወደ ወልድያ በአውቶቡስ ስናልፍ መንገዱ ፈጥኖ ያልቅብናል። የታሪክ ተማሪ የሆነ ሰው ግን ውርጌሳ ሲደርስ ወደ አምባሰል ዞር ብሎ ቢመለከት መልካም ነው። በዚያ በኩል አንዲት ተሳላሚ ጸበል ይዛ ስትመለስ፥ ልጅ ይዛ አዲስ አበባ ገብታለች።